መዳብን በአሲድ ስለ መቅረጽ፤ ጥበቡና ጥንቃቄው

የእጅ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ኦሪት ዘጸአት በ31ኛው ምዕራፍ ስለ ባስልኤል ሲናገር ያስረዳናል። ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ ጥበብ ከማስተዋል ጋር ተሰጥቶታል። ሁለቱ አብረው መጠቀሳቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ጥበብን ማስተዋል ካልመራው ሥራው ለሠሪውም ለቤተ ሰቡም ጉዳት ይሆናልና።

በአገራችን መስቀል የሚሠሩ አንጥረኞች ቅርጹን በሰም አውጥተው ያፈሳሉ፤ ሐረጉንም በመሮ ይቀርጻሉ። በአሲድ መቅረጽ ግን ሌላ መንገድ ነው። በአውሮፓ የጦር ዕቃ ሠሪዎች በ15ኛው መቶ ዓመት ጥሩርን በዚህ ዘዴ ያስጌጡ ነበር። በአውግስቡርግ ከተማ ይኖር የነበረው ዳንኤል ሆፕፈርም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1500 ዓ.ም. ገደማ ይህንኑ ጥበብ ሥዕልን በወረቀት ለማተም አዋለው። ዛሬ ደግሞ ጌጣ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች በየቤታቸው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ነገሩ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ሆኗል።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። ከፍ ብሎ እንዲቀር የሚፈለገው ክፍል በሰም፣ በቫርኒሽ ወይም በጥፍር ቀለም ይሸፈናል፤ ያልተሸፈነውን ፈሳሹ እየበላ ያጎደጉደዋል። ዳሩ ግን በየትኛው ፈሳሽ እንሥራ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የጤና ጥያቄ ነው።

ናይትሪክ አሲድ መዳብን ፈጥኖ ይበላል፤ በዚህም ብዙዎችን ያታልላል። መዳቡን ሲበላ የሚወጣው ቀይ ቡናማ ጢስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ጉዳቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። የተነፈሰው ሰው ጥቂት ስሎት ደኅና የሆነ ይመስለዋል፤ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ግን ሳንባው ውሃ ይቋጥርና በሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ይህ አሲድ ቤተ ሰብ በሚያድርበት ቤት ከቶ ሊሠራበት አይገባም። ጢሱን የተነፈሰ ሰውም ምንም ሳይሰማው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ለመዳብና ለናስ የሚሻለው ፌሪክ ክሎራይድ የተባለው ጨው በውሃ ተሟሙቶ የሚገኘው ፈሳሽ ነው። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ያንን ቡናማ ጢስም አያወጣም። ይሁን እንጂ ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል፣ ልብስን ያበላሻል፣ የብረት ዕቃንም ይበላል። ስለዚህ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ሽርጥ ያስፈልጋሉ፤ መያዣውም ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ ክፍሉም ነፋስ የሚገባበት ይሁን። ደረቁ ጨው ሲሟሟ ይሞቃልና ጥቂት በጥቂት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው በጨው ላይ አይፈስስም። አሉሚኒየም በዚህ ፈሳሽ ውስጥ በኀይል ስለሚፈላ ከቶ አይነከር። ብር ደግሞ በላዩ ድርቅ ያለ ሽፋን ስለሚፈጠርበት በፌሪክ ክሎራይድ አይቀረጽም፤ ለእርሱ ፌሪክ ናይትሬት ይመረጣል።

ሥራው ዛሬ አምሮ ነገ እንዳይበላሽ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ መዳቡ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግና በሳሙና ይታጠባል። ውሃው ሳይቋረጥ ከተዘረጋበት ጠርቷል፤ ጠብ ጠብ እያለ ከተንከባለለ ግን ቅባት አለበት። የጣት አሻራ እንኳ ሥራውን ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ ወደ ጎንም ስለሚበላ እንዲቀር የሚፈለገው መስመር በጣም ቀጭን መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ የተሣለው ፊት ወደ ታች ተደርጎ ይንጠልጠል፤ የተበላው ዝቃጭ በመስመሩ ውስጥ ሳይቀር ይወርዳል። አራተኛ፣ ከዚያው ሉህ የተቆረጠ ቁራጭ አስቀድሞ ይፈተን። በየ15 ደቂቃው ጥልቀቱ እየታየ ሰዓቱና የፈሳሹ ሙቀት በደብተር ይጻፍ። ፈሳሹ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲያረጅ ይዘገያል፤ ያለ መዝገብ ይህን ለመለየት አይቻልም።

መዳቡ ከወጣ በኋላ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ ከዚያም ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይታጠብ። ያለቀው ፈሳሽ መዳብ ስላለበት ለዓሣና ለሌላው የውሃ ፍጥረት መርዝ ነው፤ በቦይም በወንዝም አይደፋ። ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ተከድኖ የኬሚካል ቆሻሻ ለሚያስወግዱ ይሰጥ። ፈሳሹ በዓይን ከገባ ከ15 ደቂቃ በማያንስ ጊዜ በሚፈስስ ውሃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬድ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ አንድ ነገር በተለይ አደራ እንላለን። አሲድ በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ። ሕፃን ጠርሙሱን ያውቃል እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን፣ ስሙ በግልጽ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ቸኩሎ የሠራ አንጥረኛ መዳቡንም ሳንባውንም ያጣል። ለክቶ፣ ጽፎና ጠብቆ የሠራ ግን መልካም ጌጥ ያወጣል፤ በቤቱም ጤና ይሰነብታል። ለልጁ አንገት መስቀል የሚሠራ አባት አስቀድሞ የልጁን ትንፋሽ ይጠብቅ።