«ከረሜላ»፤ የቃሉ ምንጭና ለነጋዴው ያለው ጥቅም

ከረሜላ ከትልቁ አስመጪ መጋዘን እስከ ትንሿ የሰፈር ሱቅ ድረስ የማይታጣ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ግን የኪስም ጉዳይ ያለበት ነው።

ቃሉ «ካራሜላ» ከሚለው የኢጣልያ ቃል የተወሰደ ነው። ፋብሪካ፣ ሲሚንቶና ጎማ የሚሉትም ቃላት የገቡት በዚሁ በር ነው። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች «ካራሜል» ስለሚሉ፣ በአማርኛው ቃል መጨረሻ ያለችው «ላ» የመጣችበትን መንገድ ትመሰክራለች። ሊቃውንት የቃሉን ሥር እስከ ላቲን ድረስ ሲከተሉ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንዶቹ «ካናሜላ» ማለትም ሸንኮራ አገዳ፣ ሌሎቹም «ካላሜሉስ» ማለትም ትንሽ ሸንበቆ ከሚለው ያወጡታል። በእንግሊዝኛ ከረሜላ «ካንዲ» የሚባልበት ቃል ግን ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የተጓዘ ሲሆን፣ ትርጉሙ ቁራሽ ማለት ነው። ስኳር የሚለውም በዚያው መንገድ የመጣ ነው፤ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «ሻርካራ» ጠጠር ማለት ነበረና።

ለነጋዴው ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ኢጣልያኖች የሚመጠጠውን ጣፋጭ «ካራሜላ»፣ እሳት ያጠቆረውን ስኳር ደግሞ «ካራሜሎ» ብለው ይለያሉ። በእንግሊዝኛ ፋክቱር ላይ ግን «ካራሜል» ተብሎ የተጻፈው፣ ለመጠጥ ቀለም የሚሆነው የተቃጠለ ስኳር ወይም በወተትና በቅቤ የተሠራ ለስላሳ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃ አመዳደብ የተቃጠለው ስኳር በቁጥር 17.02፣ ካካዎ የሌለበት ከረሜላ ከማስቲካ ጋር በ17.04፣ ካካዎ ያለበት ጣፋጭ ደግሞ በ18.06 ይመደባል። የመደቡ ቁጥር ሲለወጥ የቀረጡ ልክም ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ አስመጪው የትእዛዝ ደብዳቤ ሲጽፍ በድምፅ መመሳሰል ተማምኖ «ካራሜል» ብሎ ብቻ ከመተው ይልቅ፣ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ ደረቅ ወይም ለስላሳ መሆኑንና ካካዎ ያለበት ወይም የሌለበት መሆኑን ለይቶ ቢገልጽ ይበጀዋል። የደረሰውንም ፋክቱር ዕቃው ወደብ ሳይደርስ ከትእዛዙ ጋር ማመሳከር ይገባዋል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በጉምሩክ ፊት ግን ለዕቃው ስም የሚያወጣለት ነጋዴው ያቀረበው ወረቀት ነው።