የጠበቆች አሠራር መዘመንና የሠራተኛው መብት

በኩዌት ብዙ የመንግሥት አገልግሎት ከመስኮት ፊት ሰልፍ ወደ እጅ ስልክ ተሸጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው የኩዌት ሞባይል መታወቂያ ነዋሪው የሲቪል መታወቂያውን በስልኩ እንዲይዝ አስችሏል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የተጀመረው «ሳህል» የተባለው መተግበሪያ ደግሞ የበርካታ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ቦታ አሰባስቧል፤ የፍትሕ ሚኒስቴርም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው መተግበሪያ ነው።

መሥሪያ ቤቶች በዚህ ፍጥነት ሲለወጡ ባለጉዳዩን ወክሎ የሚቆመው ጠበቃ በቀድሞው አሠራር ቢቀጥል፣ ክፍተቱ ከጠበቃው አልፎ ባለጉዳዩን ይጎዳል። ደመወዙ የተያዘበት ሠራተኛና የአገልግሎት ክፍያዋን ሳታገኝ ውሏ የተቋረጠባት የቤት ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው። ስለዚህ ጠበቆች አዲስ ቴክኖሎጂና የሥራ ሂደት እንዲለምዱ ማበረታታት ለሙያው ማኅበረሰብ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በኩዌት የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን በሚመለከት ለውጡ በየትኞቹ ሥራዎች ላይ እንደሚያስፈልግ ያብራራል።

ቀን ያለፈበት መብት

በግል ድርጅቶች የሚሠሩ ሠራተኞችን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2010 ሕግ ቁጥር 6 የአቤቱታውን ቅደም ተከተል በግልጽ ያስቀምጣል። ሠራተኛው ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት አቤቱታውን ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ ክፍል ያቀርባል። ክፍሉ ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት ይሞክራል፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይመራል። ሠራተኛው የሚመሠርተው ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። ነገር ግን የሥራ ውሉ ካበቃ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ክስ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ጥሩ ማስረጃ ያለው ሠራተኛ እንኳ በቀን መዘንጋት ብቻ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ነው። ብዙ መዝገቦችን በማስታወሻ ደብተርና በቃል የሚይዝ ቢሮ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መዝገቡ በተከፈተበት ዕለት ውሉ ያበቃበት ቀን፣ አቤቱታው የገባበት ቀን፣ የይርጋው ማብቂያና ቀጣዩ ቀጠሮ ቢሮው በጋራ በሚጠቀምበት የኤሌክትሮኒክ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዘገባሉ። ማስታወሻው ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ይደርሳል። ጠበቃው ቢታመም ወይም ለዕረፍት ቢሄድ ባልደረባው መዝገቡን ከፍቶ ሥራው የት እንደደረሰ ያያል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

እ.ኤ.አ. የ2020 ሕግ ቁጥር 9 የፍትሐ ብሔርና የንግድ ክርክር ሥነ ሥርዓት ሕጉን በማሻሻል የፍርድ ቤት ማስታወቂያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲደርስ ፈቅዷል። ይህም ጠበቃው የኤሌክትሮኒክ መልእክቱን በየዕለቱ የሚከታተል ሰው እንዲመድብ ያስገድዳል። ባለጉዳዩም የስልክ ቁጥሩን ሲቀይር በዚያው ዕለት ለጠበቃውና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል።

አርብን የሚጠብቅ ባለጉዳይ

የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2015 ሕግ ቁጥር 68 የዕለት ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንና በዓመት የ30 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲኖር ይደነግጋል። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ እንዲታሰብም ያዝዛል። አሠሪው ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ አይችልም። አለመግባባት ሲፈጠር አቤቱታው የሚቀርበው በሩመይሲያ ለሚገኘው የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል ነው።

ችግሩ ብዙ የቤት ሠራተኞች ከቤት መውጣት የሚችሉት አርብ ቀን መሆኑ ነው። አርብና ቅዳሜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ የጠበቆች ቢሮም በአብዛኛው ይኸንኑ ይከተላል። በሳልሚያ ወይም በጃህራ የምትሠራ አንዲት እህት ሰነድ ለማድረስ ብቻ ወደ ከተማው መሃል እንድትመጣ ከተጠየቀች የሥራ ቀኗን ታጣለች ወይም ጉዳዩን ትተወዋለች። ጠበቃው ምሽት ላይ በቪዲዮ ጥሪ የመጀመሪያ ምክክር ቢያደርግ፣ አስተርጓሚውም ካለበት ሆኖ በጥሪው ቢገባና የሰነዶቹ ፎቶ በስልክ ቢደርሰው፣ በአካል መገኘት ለግድ ጊዜ ብቻ ይቀራል።

ሰዓት፣ ቀንና ስም

ለኢትዮጵያውያን ባለጉዳዮች ከማናቸውም መሣሪያ በላይ የሚጠቅመው በአማርኛና በዐረብኛ የተዘጋጀ ወጥ የመረጃ መቀበያ ቅጽ ነው። ምክንያቱ የቀንና የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። አንዲት ሠራተኛ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እሠራ ነበር» ስትል 16 ሰዓት ሠራሁ ማለቷ ነው። አስተርጓሚው «ከ12 እስከ 4» ብሎ ቢጽፈው ግን በሌላው አቆጣጠር ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ ያለው 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሕጉ የ12 ሰዓት ጣሪያ ባስቀመጠበት ጉዳይ ይህ ስሕተት አቤቱታውን ከሥሩ ይንደዋል።

ቀንም እንዲሁ ነው። «ውሌ ሰኔ 30 ቀን 2017 አበቃ» የሚል ሠራተኛ የሚናገረው ስለ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ወሩ በግምት ጁን 30 ተብሎ ከተጻፈ የሰባት ቀን ደመወዝ ይጎድላል፤ የሠራተኛው ቃልም ከአሠሪው ሰነድ ጋር ይጋጫል። ቅጹ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ካስቀመጠ ግን ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ይታረማል።

የስም አጻጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያዊ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ጨ እና ጰን የመሳሰሉ ድምፆች በዐረብኛ ፊደል ሲጻፉ ይለወጣሉ። በዚህ የተነሣ የአንድ ሰው ስም በፓስፖርቱ፣ በሲቪል መታወቂያውና በሥራ ውሉ ላይ በሦስት መልክ ሊገኝ ይችላል። በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ በስም ብቻ ከተፈለገ ላይገኝ ስለሚችል፣ ቢሮው እያንዳንዱን ፋይል ባለ 12 አኃዙ የሲቪል መታወቂያ ቁጥር ቢሰይመው ይመረጣል።

ማስረጃው በስልክ ውስጥ ሲሆን

እ.ኤ.አ. የ2014 ሕግ ቁጥር 20 በፍትሐ ብሔር፣ በንግድና በአስተዳደር ጉዳዮች ለኤሌክትሮኒክ ሰነድና ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። የደመወዝ ክርክር ማስረጃም አሁን በብዛት የሚገኘው በስልክ ውስጥ ነው፦ የባንክ መልእክት፣ የዋትስአፕ ጽሑፍ፣ የድምፅ መልእክት። ጠበቃው እነዚህን በቀን ቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበት ወጥ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ባለጉዳዩ በበኩሉ የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ዋናውን መልእክት ማጥፋት የለበትም፤ ላኪው፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታዩት በዋናው ላይ ነውና። የፓስፖርት፣ የኢቃማና የውል ፎቶም በስልክ ብቻ ሳይሆን በሌላ አስተማማኝ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ገደቡ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረጅም ሰነድ ለማሳጠር፣ ረቂቅ ለማዘጋጀትና ለመተርጎም ያግዛል። ያለ ማረጋገጫ ሲወሰድ ግን አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውንና በእውነት የሌሉ ውሳኔዎችን በማመልከቻቸው ጠቅሰው በተገኙ ጠበቆችና በድርጅታቸው ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ጥሏል። ፍርድ ቤቱ መሣሪያውን መጠቀም ጥፋት ነው አላለም፤ ጠበቃው የሚያቀርበውን የማጣራት ግዴታ እንዳለበት አስገንዝቧል።

ለአማርኛ ተናጋሪው አደጋው በትርጉም በኩልም ይመጣል። «ከቤቱ ወጣሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በማሽን «ኮበለልኩ» ተብሎ ቢተረጎም፣ ከሥራ ጠፍታለች የሚል ክስ ለቀረበባት ሠራተኛ ልዩነቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት የሚገባ ትርጉም ሁለቱንም ቋንቋዎች በሚያውቅ ሰው መታየት አለበት። የባለጉዳይን ፓስፖርት፣ የሕክምና መረጃ ወይም የቤተሰብ ምሥጢር ለሕዝብ ክፍት በሆነ መሣሪያ ውስጥ ማስገባትም ከሙያው የምሥጢር ጥበቃ ግዴታ ጋር አይጣጣምም።

ከኩዌት እስከ አዲስ አበባ

ክርክር ሳያልቅ ወደ አገር የሚመለስ ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ከኩዌት ከመውጣቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ ውክልና ከሰጠ ጠበቃው በስሙ ሊቀጥል ይችላል፤ ሳይሰጥ ከሄደ ግን ሰነዱን ከኢትዮጵያ አረጋግጦ ለመላክ ተጨማሪ ደረጃዎችን ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ «የመውጫ ቀንዎ መቼ ነው? ውክልና ሰጥተዋል?» የሚሉት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ቅጽ ላይ መስፈር አለባቸው።

በኢትዮጵያም መንገዱ እየተጠረገ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ መሠረት ጥለዋል። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ደግሞ ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት አቋቁመው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ለብቻ ከመሥራት ወደ ድርጅት መሸጋገር የጋራ መዝገብና የሥራ ክፍፍል እንዲኖር ይረዳል።

ከየት ይጀመር?

ብዙ ጠበቆች ለውጡን የሚያዘገዩት በወጪ፣ በጊዜ እጥረትና በምሥጢር ሥጋት ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን አያስፈልግም። በመጀመሪያው ወር የጋራ የቀን መቁጠሪያ፣ በቀጣዩ ወጥ ቅጽ፣ ከዚያም የፋይል አሰያየምና የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል እያሉ መሄድ ይቻላል።

ባለጉዳዩም ለውጡን ሊያበረታታ ይችላል። ጠበቃ ሲይዝ አራት ነገሮችን ይጠይቅ፦ የመዝገቤ ቁጥር ስንት ነው? ቀጣዩ ቀን መቼ ነው? እርስዎ ባይገኙ ማን ይከታተላል? ሰነዶቼ የት ይቀመጣሉ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ወዲያው መልስ መስጠት የሚችል ቢሮ ሥራውን በሥርዓት የያዘ ነው። መልሱን ያገኘ ሠራተኛም በጽሑፍ ይያዘው፤ ቀኑንም በስልኩ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝግበው።