ቦይለሩ ሲበላሽ ከፋዩ ማነው?
በኪራይ ቤት ጥገና የአከራይ ኃላፊነት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በሚፈረምበት ጊዜ አከራይ፣ ተከራይና ደላላ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት በሦስት ጉዳዮች ላይ ነው። እነርሱም የወር ኪራዩ፣ ቅድሚያ ክፍያውና ኮሚሽኑ ናቸው። ቦይለሩ ቢቃጠል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ቢሞላ ወይም የውሃ መስመሩ ቢፈነዳ ማን ያሠራል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ብልሽቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ውሉ ቢገለጥ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አይገኝበትም።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ውጭ ቤት ለሚሠሩ ባለሀብቶችም ችላ የሚባል አይደለም። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ሆሳዕና ሆና፣ ሌሎች ቢሮዎች ዱራሜን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በሆሳዕናና በዱራሜ ያስተምራል። ከእነዚህ ተቋማት ጋር የሚመጣው ደመወዝተኛ መታጠቢያ ቤት፣ ሙቅ ውሃና የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ይጠይቃል። በተለይ ሌሊቱ ብርዳም በሆነው ሆሳዕና ሙቅ ውሃ እንደ ቅንጦት አይታይም። ከሃላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው አዲሎ ባሉ አነስተኛ ከተሞች በብዛት የሚከራየው ክፍል እንጂ ቦይለር የተገጠመለት ቪላ አይደለም። ሆኖም የጥገናው ሕግ ለቦይለርም ሆነ ለጋራ ቧንቧ አንድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ግልጽ ነው። አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብና በውሉ ዘመን በዚያው ሁኔታ ማቆየት አለበት። ተከራይ የሚጠየቀው በውሉ ላይ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ለተደረጉ ጥገናዎች ብቻ ነው። ውሉ «ጥገና በተከራይ» ብሎ በደፈናው ቢያልፍ እንኳ ሕጉ የሚያስበው እንደ በር፣ መስኮት፣ ወለልና የውሃ መክፈቻ ያሉትን ዕለት ተዕለት የሚነካኩ ነገሮች ነው። በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣ ብልሽት በተከራይ ላይ አይወድቅም። የፍሳሽ ጉድጓድ ማስመጠጥም ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የአከራይ ዕዳ ነው።

በዚህ መሠረት አሥር ዓመት አገልግሎ የተቃጠለ ቦይለር የአከራይ ነው። ተከራዩ ባዶ መሆኑን እያወቀ ለኩሶ ያቃጠለው ግን የተከራዩ ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ተነስቶ መልስ አግኝቷል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ የውሃ ማሞቂያን መጠገን በአጭር ጊዜ የመኖሪያ ቤት ኪራይ የአከራይ ግዴታ አድርጎታል፤ ተዋዋዮቹም በስምምነት ወደ ተከራይ ሊያዞሩት አይችሉም። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ በየዓመቱ መመርመር አለበት። የኢትዮጵያ ሕግ በአንጻሩ ለተዋዋዮች ሰፊ ነፃነት ስለሚሰጥ፣ የውሉ አጻጻፍ ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ ይከብዳል።

ቦይለር ለምን ይቃጠላል?

በከተሞቻችን የተለመደው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ጋን ቦይለር ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ባለ 1,500 ዋት ከሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ማዕድን ስላለበት በማሞቂያው ዘንግ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ዘንጉ ሙቀቱን ወደ ውሃው በቀላሉ ማስተላለፍ ስለማይችል ራሱን አግሎ ይበጠሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ጋኑ ጎድሎ እያለ ማብሪያውን መጫን ሌላው የጥፋት ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሙቀት መቆጣጠሪያውና የግፊት ማስተንፈሻው አብረው ሲበላሹ ወይም የመሬት መስመር ሳይዘረጋ ሲቀር ነው። ይህ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሚደነግግ፣ ርካሽ ገጠማ ውድ ካሳ ሊያስከትል ይችላል።

የሒሳቡ ጎን

ቤቱ ለምሳሌ በወር 12,000 ብር ይከራያል እንበል። ተከራዩ በጥገና ጭቅጭቅ ለቆ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ ከዓመቱ 144,000 ብር ገቢ ከመቶ 8 የሚበልጠው ይሄዳል፤ የደላላው ኮሚሽን ሲጨመር ኪሳራው ይሰፋል። ዘንግና መቆጣጠሪያ የመቀየር ወጪ መመዛዘን ያለበት ከዚህ ጋር ነው።

የግብር ሕጉም ጥገናን የሚያየው እንደ አከራይ ወጪ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መዝገብ ለማይዙ አከራዮች ለጥገናና ለእርጅና ከኪራዩ ግማሹን ቀንሶ ነበር ግብር የሚያስከፍለው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ አከራዮች የሚመለከታቸውን ተቀናሽ አጣርተው ሊሠሩበት ይገባል። መዝገብ የሚይዙ ደግሞ የጥገና ደረሰኝ ማስቀመጥ ይጠቅማቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥና ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰን ጣሪያ እንዲገደብ አድርጓል። አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች አከራዩ የጥገና ወጪውን በየጊዜው ኪራይ በመጨመር ማካካስ አይችልም። ጥገናን ወደ መተው ማዘንበል የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ከ1967ቱ የትርፍ ቤቶች አዋጅ በኋላ ታይቷል። ኪራያቸው ዝቅተኛ ሆኖ ለዓመታት የቆየ የቀበሌ ቤቶች ጥገና አጥተው አርጅተዋል።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

አንደኛ፣ በርክክብ ቀን የቦይለሩ ዓይነት፣ ዕድሜና ይዞታ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ተመዝግቦ ይፈረም። ሁለተኛ፣ መቀየርና ዋና ጥገና የአከራይ፣ በአያያዝ ጉድለት የደረሰው የተከራይ ይባል። ሦስተኛ፣ ብልሽት በጽሑፍ የሚገለጽበትና አከራዩ የሚያሠራበት የቀን ገደብ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ገደቡ ካለፈ ተከራዩ አሠርቶ በደረሰኝ ከኪራይ መቀነስ መቻሉ ይጻፍ። ይህ ስምምነት ከሌለ ተከራዩ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በአከራዩ ወጪ ለማሠራት የፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በራሱ ኪራይ ቢያስቀር ግን ውል አፍራሽ ሆኖ ሊከሰስ ይችላል።

ደላሎችም ከውሉ ፊርማ በፊት እነዚህን አራት ነጥቦች ቢያነሱ ኮሚሽናቸው አይቀንስም፤ ይልቁንም በሁለት ወር ውስጥ ለሚፈርስ ውል ዳኛ ሆነው ከመጠራት ይድናሉ።