«ቆዪ» ከማለትዎ በፊት

የልጅነት ጓደኛዎን የት ነበር የተዋወቁት? አብዛኞቻችን ሰፈር ውስጥ፣ ጨዋታ ላይ ነው የምንለው፤ ብይ ስንጫወት፣ ሱዚ ስንዘል ወይም ድብብቆሽ ስንጫወት።

እስቲ ሰኞ ማክሰኞን ያስታውሱ። የሚያስፈልገው ጠመኔ ወይም ከሰልና አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ዳኛ የለውም። «መስመር ረግጠሻል!» «አልረገጥኩም!» ጭቅጭቁ ካልበረደ ጨዋታው ይቆማል። እንዲቀጥል አንዷ ትተዋለች፣ አለዚያም «በቃ ድገሚው» ይባባላሉ። ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ተኳርፎ መታረቅን የተማርነው እንዲህ ነው። ብቻቸውን በስልክ የሚጫወቱ ልጆች ግን ሲሸነፉ ይዘጉታል፤ የሚታረቁት ሰው የለም።

ጨዋታ ቤተሰብንም ያቀራርባል። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የአራት ዓመቷ ልጄ ማታ ማታ «እቃ እቃ እንጫወት» ስትለኝ፣ ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል «ቆዪ» እላት ነበር። አንድ ምሽት ለአሻንጉሊቷ ቡና ስታፈላ ሰማኋት። አሻንጉሊቷ ስኳር ጠየቀች መሰለኝ፤ ልጄ ቀና ሳትል «ቆዪ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለቻት። ድምፁ የእኔ ነበር። ልጆች በእቃ እቃ የሚጫወቱት የሚያዩትን ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጆች መብት ብሎታል። መብቱን ለማክበር ደግሞ ውድ መጫወቻ መግዛት አይጠበቅብዎትም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቦታ ይጠባል? የእንቁላል መያዣ ካርቶንና አንድ እፍኝ ሽምብራ ለገበጣ ይበቃሉ። መብራት ሲጠፋ «እንቆቅልህ» ይበሉ። ተራው የልጅዎ ሲሆን መልሱ ከጠፋዎት አገር ይስጡ፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ከአባቱ የተቀበለ ልጅ ደስታው ልዩ ነው። እሑድ ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ይጥሩና ካልሲ በጨርቅ ሞልታችሁ ኳስ ሥሩ። ሲጨቃጨቁ ለመዳኘት አይቸኩሉ፤ መታረቁን እነሱ ይሞክሩት።

ከሁሉ በላይ ስልክዎን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ሃያ ደቂቃም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ ለልጅዎ ይስጡ፤ የጨዋታውን ደንብ እሱ ያውጣ።

እኔ አሁን ማታ ማታ ቡናዬን የምጠጣው በጠርሙስ ክዳን ነው። ስኳር ሲያንሰው ለልጄ እነግራታለሁ። «ቆዪ» ብላኝ አታውቅም።