ዝም ያለ ጥርስ ሁሉ የዳነ አይደለም

ብዙዎች «ሩት ካናል» ወይም «የነርቭ ሕክምና» የሚሉት የጥርስ ሥር ሕክምና ስሙ ያለ ጥፋቱ ከጠፋ የሕክምና ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ጥርስን ከመነቀል የሚያተርፍ ሥራ ሆኖ ሳለ በሰው ዘንድ የሚነሣው በሥቃዩ ነው፤ ያ ሥቃይ ግን በአብዛኛው ታካሚው ይዞት የመጣው የሕመሙ ሥቃይ ነው። ጥርስ ከላይ በኢናሜል፣ ከዚያ ቀጥሎ በዴንቲን የተገነባ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በመካከሉ ያለው ፐልፕ የተባለ ለስላሳ ክፍል ነርቭና የደም ሥር የያዘ ሲሆን፣ በቀጫጭን ቦዮች አልፎ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል።

ሌላው የሰውነት ክፍል ጀርም ሲገባበት ያብጣል፤ ፐልፕ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ ማበጫ ስፍራ የለውም። ስለዚህ ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው የመቅላትና የማበጥ ምላሽ፣ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ግፊት ሆኖ ነርቩን ይጫነዋል፤ ትኩስ ሻይ ከመቀመጫ የሚያስነሣው፣ ታካሚው ጋደም ሲል ሕመሙ የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ግን ከሥቃዩ ይልቅ አሳሳች ነው። ፐልፑ ሲሞት ነርቩም አብሮት ስለሚሞት ሕመሙ ይቆማል፤ ታካሚውም «ተወኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይሰርዛል። በዚያው ጊዜ ጀርሞቹ የደም ዝውውር በሌለበትና የሰውነት መከላከያ ሊደርስበት በማይችል ቦይ ውስጥ ይራባሉ፤ መርዛቸውም በሥሩ ጫፍ ወጥቶ በዙሪያው ያለውን አጥንት ያሳሳል። ይህ ጉዳት ያለ ምንም ሕመም ለረጅም ጊዜ ሊቆይና በራጅ ላይ ብቻ፣ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ እንደ ጠቆረ ቦታ ሊታይ ይችላል፤ መግል ቋጥሮ ጉንጭ ሲያብጥ ግን ታካሚው አዲስ በሽታ የያዘው ይመስለዋል።

አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ነገሩን አይለውጠውም፤ መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፣ በሞተ ጥርስ ቦይ ውስጥ ደግሞ ደም የለም። እብጠቱ ሲዛመት ወይም ትኩሳት ሲኖር ሐኪም ሊያዘው ይችላል፤ ያን ጊዜም የሕክምናው ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም። በታመመ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ የሚያስነክሱ እናቶች በአንጻሩ መሠረት አላቸው፤ በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር በእርግጥ ያደነዝዛል፣ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል። ስሕተቱ ማስታገሻን እንደ ፈውስ መቁጠሩ ነው።

ዋናው ባላጋራ ጀርም መሆኑን በ1965 እ.ኤ.አ. ካኬሃሺና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያወጡት ጥናት በግልጽ አሳይቷል፤ ጥርሳቸው እስከ ፐልፑ ከተበሳ አይጦች መካከል ከጀርም በጸዳ ስፍራ ያደጉት ፐልፓቸው ሲያገግም፣ የሌሎቹ ሞቷል። ሕክምናውም ስለዚህ ነርቭን ከማውጣት ያለፈ የጽዳት ሥራ ነው።

ታካሚው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በማደንዘዣ መርፌ ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ብግነት የጸናበት ጥርስ ተጨማሪ መርፌ ሊፈልግ ስለሚችል ሕመሙ ሳይብስ መምጣት ይመረጣል። ቀጥሎ በጥርሱ ዙሪያ ስስ ላስቲክ ይወጠራል፤ በ1864 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ባርነም የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ያስተዋወቀው ይህ መከለያ ምራቅ ወደ ቦዩ እንዳይገባ፣ መሣሪያም ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይጠብቃል። ሐኪሙ ጥርሱን ከላይ ከፍቶ፣ ጫፋቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ በሚያንስ፣ ፋይል በተባሉ ቀጫጭን ሞረዶች ቦዩን ይሞርዳል፤ የበረኪና ሽታ የሚሸተውም ቦዩ የሚታጠብበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከበረኪና ጋር አንድ ዓይነት ውሕድ በመሆኑ ነው። የመንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቦይ ስላለው ከፊት ጥርስ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የጸዳው ቦይ ጉታ ፐርቻ በተባለ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ በሚገኝና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ ይሸፈንበት በነበረ ነገር ይሞላል።

ሥራው በሁለት ቀጠሮ ሲከፈል ያው አሳሳች ዝምታ ዳግም ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ስለሚጠፋ የማይመለሱ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። ጊዜያዊው ሙሌት ግን ለብዙ ወራት የሚያገለግል አይደለም፤ ሲያልቅ ወይም ሲሰነጠቅ ምራቅና ጀርም ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲነክሱበት ማመሙ የተለመደ ነው፤ ነርቭ የሌለው ጥርስ አይበሳም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ እንደ ማንኛውም ጥርስ ይበሳል፣ ባለቤቱን የሚያስጠነቅቅበት ሕመም ብቻ የለውም። የመንጋጋ ጥርስ ሲሆን ደግሞ እንዳይሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ ክራውን የተባለ ሽፋን ይደረግለታል።

ማስነቀል በዕለቱ ርካሽ መሆኑ አይካድም፤ በተነቀለው ምትክ የሚገባው ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ነጻ አይደለም፣ የተፈጥሮውንም አይተካከልም። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ጥርሱ ዝም ቢልም ባይልም የመጨረሻውን ቀጠሮ ሊያከብር ይገባዋል።