ፕሮክሲ ሰርቨር፦ የድረ ገጻችን ዐጻዌ ኆኅት

ድረ ገጽ ለማዘጋጀትና የምእመናንን መዝገብ በኮምፒውተር ለመያዝ የተነሣ ሰበካ ጉባኤ፣ ሥራውን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንዲፈትነው እንመክራለን። ለዚህ የሚረዳው መሣሪያ ፕሮክሲ ሰርቨር ይባላል።

ድረ ገጹና መዝገቡ በአንድ ኮምፒውተር ቢቀመጡም ሁለት ፕሮግራሞች ናቸው፤ እያንዳንዱም «ፖርት» የሚባል የበር ቁጥር አለው። ድረ ገጹ በ3000፣ መዝገቡ በ5000 ይከፈታል እንበል። የበር ቁጥራቸው ስለሚለያይ ብሮውዘሩ እንደ ሁለት ቤት ይቆጥራቸዋል፤ አንዱም ያለ ፈቃድ የሌላውን መረጃ እንዳያነብ ይከለክላል። ክልከላው ለጥበቃ የተሠራ ስለሆነ ሊጠፋ አይገባውም።

ፕሮክሲ ሰርቨር እንደ ዐጻዌ ኆኅት በአንድ በር ቆሞ የመጣውን ይቀበላል፤ ወደሚገባውም ስፍራ ይመራል። ኤንጂንኤክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። በማዋቀሪያ ፋይሉ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፦

1. ፕሮክሲው በ127.0.0.1 አድራሻ፣ በ8080 በር እንዲያዳምጥ፤
2. በ«/መዝገብ/» የሚጀምር ጥያቄ ወደ 5000 እንዲተላለፍ፤
3. የቀረው ሁሉ ወደ 3000 እንዲተላለፍ።

ከዚያ ወዲያ ገጹ የሚከፈተው በ8080 ነው። ብሮውዘሩ አንድ በር ብቻ ስለሚያይ ክልከላው አያጋጥምም።

127.0.0.1 ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ ከሌላ መሣሪያ አይደረስበትም። አድራሻው ተትቶ የበር ቁጥሩ ብቻ ቢጻፍ ግን ፕሮክሲው ከመረቡ ሁሉ የሚመጣውን ይቀበላል። ያን ጊዜ በአዳራሹ ዋይፋይ የተገናኘ እንግዳ የምእመናንን ስም፣ ስልክና የአሥራት መዝገብ ሊመለከት ይችላል። ምእመናን ይህን የሰጡን አምነውን ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃን የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው አባላት ሁለት ነገሮችን እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሙከራው በእውነተኛው መዝገብ ሳይሆን ለመለማመጃ በተፈጠሩ ስሞች ይካሄድ። ሁለተኛ፣ ከዚያው ዋይፋይ ጋር በተገናኘ ስልክ የኮምፒውተሩን የመረብ አድራሻ ከ8080፣ ከ3000ና ከ5000 ጋር በየተራ አስገብታችሁ ሞክሩ። አንዱም እንኳ ቢከፈት በሩ ክፍት ነውና ሥራው ይቁም፤ ባለሙያውም ፕሮክሲውንና ሁለቱን ፕሮግራሞች በ127.0.0.1 ብቻ እንዲያዳምጡ ያስተካክል። ይህን ፍተሻ ለማድረግ የኮምፒውተር ትምህርት አያስፈልግም፤ ትጋት ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።