ቀብድ ከመክፈላችን በፊት



ከዶርም ወጥተን በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስንፈልግ አንድ ደላላ የ6 ወር ቅድመ ክፍያ ጠየቀን። ውልስ ስንለው፣ «ሁላችንም ሙስሊም ነን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለን። አነጋገሩ ደስ ቢልም ዲናችን የሚያስተምረን ሌላ ነው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ ጽሑፍና ምስክር ነው። በፊቅህም ኢጃራ (ኪራይ) እንዲጸና ዋጋውና ጊዜው መታወቅ አለበት።

የአገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ አከራዩ ባለቤት ወይም ወኪል መሆኑን በማስረጃ ሳናይ ቀብድ አንክፈል።

ሁለተኛ፣ ሰፈሩ የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ መገናኛ ስለሆነ ብሎኩ በየትኛው ወረዳ እንደሚተዳደር እንጠይቅ፤ ስለ ምዝገባውም የምንጠይቀው እዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ወደ ፎቁ እንደሚወጣ ከደላላው ሳይሆን ከጎረቤት እንስማ።

እኛ ያንን ቤት ትተን ሁለት ሳምንት ተንከራተትን፤ በመጨረሻ በጽሑፍ ውልና በ2 ወር ክፍያ ተከራየን፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ አራታችንም እርስ በርስ ተፈራረምን፦ ማን ስንት ይከፍላል? አንዱ መሃል ላይ ቢወጣስ? ወንድማማችነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

አላህ ያግራልን።